ደብተሩ ሲዘጋ የሚቀረው

(በሐዋሳ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አደራችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤ ቅዳሜ የገበያና የልብስ አጠባ ቀን መሆኑን አውቃለሁ፤ ያንን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። በር ላይ የተሰጣችሁን ባዶ ወረቀት ደግሞ ለጊዜው አጥፋችሁ ያዙት፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከተማሪ አፍ ከሰማሁት የዚህችን ያህል ያሳዘነኝ ነገር የለም፦ «ቲቸር፣ አነባለሁ፤ ግን ጭንቅላቴ አይዝም።» ይህን የሚሉኝ መጽሐፍ የማይገልጡት ልጆች አይደሉም። እነሱማ «አላነበብኩም» ብለው ይገላገላሉ። ይህን የሚሉኝ መብራት ሲጠፋ በሻማ ያመሹ፣ ደብተራቸውን ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ሀይላይተር ያሰመሩ፣ የፈተናው ወረቀት ሲመለስ ግን ከ100 38 ያገኙ ልጆች ናቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ልጁ በራሱ ላይ ይፈርዳል። «አጠናኔ ልክ አይደለም» ብሎ ቢፈርድ ደግ ነበር። የሚፈርደው ግን «እኔ አልችልም» ብሎ ነው። ከዚያ ማንበቡን ይተዋል። እኛ ወላጆችና መምህራን ደግሞ «ዘንድሮ ልጁ ፍላጎት አጣ፣ ሰነፈ» እንላለን። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያ ፍርድ ይሻር ብዬ ልሟገትላቸው ነው።

አንድ ልጅ ነበረኝ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ። ከመጨረሻው ዴስክ አይነሳም፤ ጥያቄ ስጠይቅ አንገቱን ይደፋል። «ጭንቅላቴ አይዝም» ካሉኝ አንዱ እሱ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገና እየተመለሱ ነው፤ አሞራዎቹ ጥራጊ ይጠብቃሉ። ያ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሮሶ ይበልታል። ቢላዋው ከመሳል ብዛት ቀጥኗል። ከስንጥቡ ሥር ያስገባውና አከርካሪውን ተከትሎ እስከ ጅራቱ በአንድ ትንፋሽ ይስበዋል፤ ይገለብጠዋል፤ ሌላውን ጎን እንዲሁ ያደርጋል፤ ቆዳውን ገፎ ሥጋውን ወዲያ፣ አጥንቱን ወዲህ ያስቀምጣል። አንዲት ፍርፋሪ ሥጋ አጥንቱ ላይ አልቀረችም። እኔ ገንዘብ ከኪሴ እስካወጣ ሦስተኛውን ጀምሯል።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አልኩት። «አጎቴ ነው ቲቸር» አለኝ። «መጀመሪያ ብዙ ቀን ቁጭ ብዬ አየሁት። የቻልኩ መስሎኝ ነበር። ቢላዋውን ሲሰጠኝ ግን ግማሹን ሥጋ ከአጥንቱ ጋር ጣልኩት። ከዚያ በኋላ እያበላሸሁ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት።» ባዮሎጂን እንዴት እንደሚያጠና ጠየቅሁት። «ደብተሬን ሦስት አራት ጊዜ አነበዋለሁ» አለኝ። «ታዲያ ቢላዋውን መቼ ነው የምትይዘው?» አልኩት። ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየ።

ሦስት አራት ጊዜ ማንበብ አጎት ሲሠራ ቁጭ ብሎ እንደማየት ነው። በሁለተኛው ንባብ ገጹ ይለሰልሳል፤ በሦስተኛው ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መጨረሻውን ትገምተዋለህ። ያን ጊዜ «ገብቶኛል» ትላለህ። አማርኛችን ለዚህ ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት አሉት፦ ማወቅ እና መተዋወቅ። ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ በየጠዋቱ በአንድ ባጃጅ የምትሳፈሩት ሰው አለ። ፊቱን ታውቁታላችሁ፣ ሰላም ትባባላላችሁ። «ስሙ ማን ነው?» ብትባሉ ግን አፋችሁ ይያዛል። ከደብተራችሁ ጋር ያላችሁ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ተዋውቃችኋል። ፈተና የሚጠይቀው ግን ስሙን ነው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጭር የሳይንስ ጽሑፍ አስነበቡ። ከዚያ አንዳንዶቹ ያንኑ ጽሑፍ ደግመው አነበቡት፤ ሌሎቹ ጽሑፉ ተወስዶባቸው የሚያስታውሱትን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶውን አስታወሱ፣ እነዚያ ደግሞ 75 በመቶውን። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ሲቀራቸው ባዶ ወረቀት ላይ የታገሉት 56 በመቶውን ይዘው ተገኙ። ልጆች፣ የመጀመሪያዋን ውጤት ልብ በሉልኝ። ደግሞ ማንበብ ወዲያውኑ ሲለካ ያሸንፋል። ስለዚህ ነው የሚያታልለን። ማታ አንብበህ ማታውኑ ራስህን ብትለካ ሁሌም የቻልክ ይመስልሃል።

ደግሞም ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፋችሁ አባቶች እዚህ ካላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የቃል ትምህርት የሚባለው የሚሰጠው ማታ ነው፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ። ልጁ ዓይኑን የሚጥልበት ገጽ የለውም፤ ያለው ጆሮውና የራሱ ልብ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪማ የመምህሩን ቅኔ መልሶ በማለት አያልፍም፤ የራሱን ቆጥሮ የኔታ ፊት ቀርቦ ይታረማል። በቁርኣን ቤትም የልጁ ሉህ፣ የእንጨት ሰሌዳው፣ ተጽፎበት በቃል ከተያዘ በኋላ ይታጠባል፤ ሌላ ይጻፍበታል። ሲታጠብ አስቡት። ጽሑፉ ከእንጨቱ ሄዷል፤ ከልጁ ጋር የቀረው ብቻ ነው የቀረው። አያቶቻችን ደብተር መዝጋትን ያውቁ ነበር። እኛ ፎቶ ኮፒና የቴሌግራም ሃንድአውት ሲበዛልን ረሳነው።

ስለ መሸምደድ የምናገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ርዕስ በተግባር ላሳያችሁ፤ የደም ዝውውርን እንውሰድ። አንድ ገጽ ታነባለህ፤ ከዚያ አይበልጥም። ደብተሩን ትዘጋለህ። ባዶ ወረቀት ላይ ልብን ትስላለህ፤ ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም፣ አራት ክፍሎች ያሉት ሳጥን ይበቃል። ከዚያ አንዲት የደም ጠብታ ሆነህ ጉዞውን ትጽፋለህ፦ ከሰውነት ወደ ቀኝ አትሪየም (የላይኛው ክፍል)፣ ወደ ቀኝ ቬንትሪክል (የታችኛው ክፍል)፣ ወደ ሳንባ፣ ተመልሶ ወደ ግራ አትሪየም፣ ወደ ግራ ቬንትሪክል፣ በትልቁ የደም ሥር በአኦርታ ወደ ሰውነት። የሆነ ቦታ ትቆማለህ። መቆምህ አይቀርም። እዚያ ላይ ደብተሩን ቶሎ ገልጦ ማየት ያምርሃል፤ አትግለጥ። ሁለት ደቂቃ ታገል። ጭንቅላትህ የሚሠራው እዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። ከዚያ ገልጠህ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ትሞላለህ። ደም ከልብ የሚያወጣው የደም ሥር አርተሪ ይባላል። ብዙ ተማሪዎች «አርተሪ ሁሉ ኦክስጅን ያለው ደም ይሸከማል» ብለው ይጽፋሉ፤ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው አርተሪ ግን ኦክስጅን ያነሰውን ደም ነው የሚሸከመው። ይህን አሥር ጊዜ ብታነበው ዓይንህ ያልፈዋል። አንድ ጊዜ ተሳስተህ በቀይ ካረምከው ግን አብሮህ ይኖራል። ወረቀቱን አትጣለው፤ ቀዩ ቀለም ያረፈበት ቦታ የነገ ጥናትህ ነው። ሌላውን ስለምታውቀው ጊዜህን አትጨርስበት።

አሁን ደግሞ ስለ መርሳት። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በራሱ ላይ ሙከራ አድርጎ ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር የፊደል ጥምሮች እየደረደረ በቃሉ ያጠናል፤ ቆይቶ ደግሞ እንደገና ለማጥናት ምን ያህል ጊዜ እንደቆጠበ ይለካል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላዩ ጠፍቶ ነበር። ከአንድ ቀን በኋላ የቀረው ሲሶ ያህል ነው። ከአንድ ወር በኋላ ግን ገና አንድ አምስተኛ ያህሉ ነበረ። በእርግጥ የኛ ትምህርት ትርጉም ስላለው ከዚያ የተሻለ ይቆያል፤ የመርሳቱ ቅርጽ ግን ያው ነው። ትልቁ ብክነት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ ሰኞ የተማርከውን ሰኞ ማታ ሩብ ሰዓት ብትሰጠው፣ ሐሙስ አሥር ደቂቃ ብትመለስበት፣ በሳምንቱ ደግሞ ባዶ ወረቀት ብታወጣለት፣ ለፈተና ሳምንት የሚቀርህ ትንሽ ነው። ያንኑ ድምር ሰዓት ግን በፈተናው ዋዜማ ሌሊት ብታፈስሰው ጠዋት ላይ የሚቀርህ የደከመ ዓይን ነው። ብትረሳ አትደንግጥ። መርሳት የጤናማ አንጎል ሥራ ነው፤ «ጭንቅላቴ አይዝም» የምትለው ነገር የሁላችንም ጭንቅላት የሚያደርገው ነው።

እንቅልፍን አትንኩ። ይህን እንደ ባዮሎጂ መምህር እለምናችኋለሁ። ቀን የተማርነው ነገር ሌሊት ስንተኛ ነው በአንጎላችን ውስጥ እየጸና የሚሄደው። ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ልጅ ሰብስቦ ጎተራ ሳያስገባ እንደቀረ ገበሬ ነው።

ስለ ስልክ ብዙ አልልም። በጥናት ሰዓት ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ኪስ ውስጥ ድምፁን ማጥፋት አይበቃም።

ወደ ፍላጎት ጉዳይ ልመለስ፤ ወላጆች በብዛት የምትጠይቁኝ እሱን ነውና። «ልጄ የመማር ፍላጎት የለውም፣ ምን ላድርገው?» ትሉኛላችሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ ነው፤ ሆኖም ከመቶ ዘጠና ያህሉ አሁንም ከግማሽ በታች ነው። ይህን ሁሉ በጥናት ልማድ ላይ አላሳብብም። የመጻሕፍት እጥረት አለ፣ የተጨናነቀ ክፍል አለ፣ እኛ መምህራንም ያጎደልነው አለ። ግን ይህን ቁጥር በየዓመቱ የሚሰማ የ9ኛ ክፍል ልጅ ምን እንደሚያስብ ገምቱ። «ጎበዞቹም ወድቀዋል፤ እኔማ» ይላል። ፍላጎት ከዚህ ቦታ በምክር አይነሳም። የሚነሳው ልጁ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ እንደቻለ በገዛ ዓይኑ ሲያይ ነው። ሰኞ ወረቀቱ ላይ ቀይ በዝቶ፣ ሐሙስ ቀዩ ሲቀንስ ያየ ልጅ «ጭንቅላቴ አይዝም» ለማለት ይቸገራል። ማስረጃው እጁ ላይ ነዋ!

እዚህ ላይ ስለ ሁለት ቃሎቻችን መናገር አለብኝ። «ሰነፍ» እንላለን። ቃሉ ሥራ የማይወድ ሰው ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ግን ትንሽ ውጤት ያመጣን ልጅ ሁሉ «ሰነፍ ተማሪ» ነው የምንለው፤ ሌሊት በሻማ ያመሸውንም ጭምር። ያ ልጅ ልፋቱን ያውቃል፤ ስለዚህ «ለፍቼም ሰነፍ ከተባልኩ…» ብሎ ልፋቱን ይተዋል። «ጎበዝ» የሚለውስ? ድሮ ጎበዝ ማለት ደፋር፣ ብርቱ ጎልማሳ ነበር፤ «የጎበዝ አለቃ» የሚለው ከዚያ የቀረ ነው። ዛሬ ግን ልጁ ሲወለድ ይዞት የመጣ ነገር አስመስለነዋል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የ5ኛ ክፍል ልጆች ጥያቄ ሠርተው ሲጨርሱ ገሚሶቹ «አእምሮህ ብሩህ ነው» ተብለው፣ ገሚሶቹ «ጠንክረህ ሠርተሃል» ተብለው ተሞገሱ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ተሰጣቸው፤ ሁሉም ተቸገሩ። በመጨረሻ እንደ መጀመሪያው የቀለለ ሲሰጣቸው አእምሯቸው የተሞገሰላቸው ከቀድሞው ባሰባቸው፤ ጥረታቸው የተሞገሰላቸው ግን ተሻሻሉ። እኔ «ጎበዝ» ማለትን ተዉ አልላችሁም፤ ብልም ከአፋችን አይጠፋም። ግን ምኑ ላይ እንደጎበዘ ጨምሩበት። «ያቺን ጥያቄ ሦስቴ ተሳስተህ አለመተውህ፣ ጎበዝ!» በሉት።

ሽልማትም አለ። «አንደኛ ከወጣህ ስልክ እገዛልሃለሁ።» በፍቅር የሚባል ነው፤ አውቃለሁ። ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ አለ። ሥዕል መሳል ለሚወዱ ትንንሽ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ፤ ሳሉ፣ ተሸለሙ። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ሲታዩ ምንም ቃል ካልተገባላቸው ልጆች ያነሰ ይስሉ ነበር። ሳይጠብቁ ድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። እኔ ከዚህ የምወስደው ለልጄ ስጦታ መስጠት ባቆም ይሻላል የሚል አይደለም። ቀድሜ ዋጋ አልቆርጥለትም፤ ደስ ሲለኝ ግን አብረን ሐይቅ ዳር ወርደን ዓሣ እንበላለን።

አንዲት እናት ባለፈው ዓመት ቢሮ ድረስ መጡ። አቶቴ አካባቢ ቡና ያፈላሉ። «መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልጄን በምን ላግዛት?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «እናቴ፣ ካለማወቅዎ የበለጠ የሚጠቅማት ነገር የለም» አልኳቸው፤ ያላገጥኩባቸው መስሏቸው ደነገጡ። ከዚያ አስረዳኋቸው። ማታ ቡናው ሲቆላ ልጅቷ ደብተሯን ዘግታ አጠገባቸው ትቀመጥ፤ የዕለቱን ትምህርት በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ ትንገራቸው። እርስዎ ያልገባዎትን ሁሉ «ለምን?» ይበሉ፣ አልኳቸው። ከወር በኋላ ልጅቷ ራሷ ነገረችኝ። ኩላሊት ደምን እንዴት እንደሚያጣራ ስታስረዳ እናቷ የቡናውን መቁያ ይዘው ቆም አሉና «ታዲያ ጥሩው ከመጥፎው ጋር አብሮ ከወጣ፣ ጥሩው እንዴት ይመለሳል?» አሏት። ልጅቷ መልሱን አላወቀችም። ሄዳ አነበበች። ያቺ ጥያቄ የኩላሊት ትምህርት ዋናው ነገር ናት፤ እኔ ክፍል ውስጥ የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው።

የቋንቋውንም ነገር እግረ መንገዴን ልጨምር። ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ላይ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። የማይገባውን እንግሊዝኛ በቃል መያዝ ለብዙዎች ጥናት መስሏቸዋል። መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ አስረዱት፤ በሲዳሙ አፎም በአማርኛም በወላይትኛም ይሁን። ሐሳቡ ከተያዘ በኋላ እንግሊዝኛውን ማልበስ ይቀላል። ሐሳብ ሳይኖር የተያዘ እንግሊዝኛ ግን ጥያቄው ትንሽ ሲዞር ይበተናል።

ስለ ጥናት ፕሮግራም ደግሞ አንድ ነገር። በየዓመቱ መስከረም ላይ በአራት ቀለም የተሠራ፣ ከ11 ሰዓት ንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሄድ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መስቀል ሳይደርስ ይሞታል። ልጁም እንደገና «እኔ አልረባም» ይላል። ትንሽ ጀምሩ፤ አሁንም በየቀኑ ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። እራት ተበልቶ ሳህኑ እንደተነሳ 20 ደቂቃ፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ባዶ ወረቀት። ቤት ጠባብ ከሆነ፣ ወንድምና እህት ከበዛ፣ ጠዋት በፍቅር ሐይቅ በኩል እየተራመዱ ሳያዩ ለራስ ማስረዳትም ይሆናል። ልጅ ብቻውን ሲያወራ ብታዩት አትሳቁበት።

የዓሣው ልጅ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ አልወጣም። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ግን ከመጨረሻው ዴስክ ተነስቶ ሰሌዳው ድረስ መጣ፤ ልብን ሳለ፣ አንዱን ቫልቭ አሳሳተ፣ ራሱ አጥፍቶ አረመው። ከክፍሉ ማንም አልነገረውም።

አሁን ያቺን ወረቀት አውጡ። ማስታወሻ የያዛችሁ ልጆች ማስታወሻውን ከወንበሩ ሥር አድርጉት። ከተናገርኩት የያዛችሁትን ጻፉ፤ ቁጥሮቹንም፣ የሳትኩት ወይም የማትስማሙበት ካለ እሱንም ጨምሩ። ሲያቅታችሁ ሁለት ደቂቃ ታገሉ እንጂ የጎረቤት ወረቀት አትዩ። መጻፍ የማይመቻችሁ እናቶችና አባቶች አጠገባችሁ ላለው ልጅ በቃል ንገሩት፣ እሱ ይጽፍላችኋል። አምስት ደቂቃ ነው። ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ፣ ከቀዩ እስክሪብቶ ጋር እንጀምራለን።